እናትህን ሥራ አታስፈታት

ልጄ፣ የዛሬ ልጅ ወላጁን ረስቷል የሚሉ ሰዎች ገርጂን፣ ሰሚትን፣ አያትንና ቦሌ አራብሳን ዞር ዞር ብለው ያዩ አይመስለኝም። በየኮንዶሚኒየሙና በየግቢው ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ እናቶችና አባቶች ብዙ ናቸው። አንተም እናትህን ከሀገር ቤት አምጥተህ፣ ከሁለቱ መኝታ ቤቶች አንዱን ለቀህላት፣ የደም ግፊት መድኃኒቷን በየወሩ እየገዛህ፣ የፆም ወጧን ለብቻ እያሠራህ ታኖራታለህ። ምርቃቷ ይድረስህ። እኔ ዕድሜዬን በነርስነት የጨረስኩ፣ አሁን ደግሞ ራሴ ከአረጋውያን የምቆጠር ሴት ነኝ፤ በሁለቱም በኩል ሆኜ ያየሁትን ልንገርህ።

እናትህን ሥራ አስፈትተሃታል። ከመጣችበት ቀን ጀምሮ «እማዬ ቁጭ በይ»፣ «እማዬ አትነሺ»፣ «ልጅቷ ታምጣልሽ» እያልክ ሶፋው ላይ አኑረሃታል። ውሃ ሲጠማት ውሃው ይመጣላታል። ቡናው ሲፈላ ሲኒው እጇ ላይ ይደርሳል። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ራይድ ትጠራላታለህ። ይህን ሁሉ የምታደርገው ስለምትወዳት ነው፤ እሷም ለጎረቤት ስታወራ «ልጄ ከመቀመጫዬ አያስነሳኝም» እያለች ትኮራብሃለች። ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ ከሶፋው ስትነሳ መደገፊያውን በሁለት እጇ መጫን ትጀምራለች። ከዚያ ደረጃውን ትፈራለች። ደረጃውን ስትፈራ ቤተ ክርስቲያን መሳሙ በወር አንዴ፣ ቀጥሎም ለዓመት በዓል ብቻ ይሆናል። አንተም «እናቴ አረጀች» ትላለህ። ዕድሜዋማ ሄዷል፤ ግን እንዲህ ባንዴ የጣላት ዕድሜ ብቻ አይደለም።

ከመምጣቷ በፊት እንዴት ትውል እንደነበር አስታውስ። ጎህ ሲቀድ ተነስታ ቤቱን ትጠርጋለች፤ እሳት ልታነድ ትንበረከካለች፤ በርጩማዋ ላይ ዝቅ ትላለች፣ ትነሳለች፣ እንደገና ዝቅ ትላለች። ቡና ትቆላለች፣ ሙቀጫውን በጉልበቶቿ መሃል ይዛ ትወቅጣለች። እንጀራ ስትጋግር ከሊጡ ወደ ምጣዱ፣ ከምጣዱ ወደ ሰፌዱ ወገቧ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ይውላል። ገበያ በእግሯ፣ ለቅሶ በእግሯ፣ የማኅበር ጠላ ተሸክማ ዳገት ትወጣለች። ይህን ማንም ስፖርት ብሎት አያውቅም። የአዲስ አበባ ቤት ግን ከወገብ በታች ሥራ የለውም። ምድጃው ቆመው የሚሠሩበት ነው፣ ሶፋው ከፍ ያለ ነው፣ ቡናው ተፈጭቶ ይመጣል፣ እንጀራው ይገዛል። እናትህ ወደዚህ ቤት ስትገባ የስንት ዓመት ልምምዷን በአንድ ቀን አቋረጠች ማለት ነው።

የሰው ጡንቻ ከሠላሳዎቹ ዕድሜ ጀምሮ በየ10 ዓመቱ ከመቶ ከ3 እስከ 8 እጅ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከ60 በኋላ ደግሞ ይፋጠናል። ይህ ማንንም አይምርም። ሥራ የፈታ ጡንቻ ግን በዓመታት የሚያጣውን በቀናት ያጣዋል። አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ጤነኛ አረጋውያንን ለ10 ቀን ብቻ አልጋ ላይ አስተኝተው ሲለኩ ከእግራቸው ብቻ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ ጠፍቶ አገኙ። ሰዎቹ ሕመም አልነበረባቸውም፤ የተኙት ለጥናቱ ብለው ነው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ የቦስተን ጥናት አለ። በአረጋውያን መኖሪያ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ86 እስከ 96 የሆነ ሰዎች ለ8 ሳምንት እግር የሚያጠነክር የክብደት ልምምድ ሠሩ። የጭናቸው ጉልበት በአማካይ ከእጥፍ በላይ ጨመረ፤ ሁለቱ ምርኩዛቸውን ትተው መሄድ ቻሉ። እኔ ይህን ጥናት ደጋግሜ የማነሳው «አይ፣ ከእንግዲህማ» ለሚሉ ሰዎች ነው። በ90 ዓመት እንኳ ጡንቻ ሥራ ሲሰጡት ይበረታል።

ቆየት ያለም ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1953 ጄሪ ሞሪስ የተባለ የብሪታንያ ሐኪም የለንደንን ባለ ፎቅ አውቶቡሶች ሠራተኞች ጤና ያጠናበትን ጽሑፍ አሳተመ። ሾፌሩና ትኬት ቆራጩ በአንድ አውቶቡስ፣ በአንድ ጎዳና ይውላሉ። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ነው፤ ትኬት ቆራጩ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ነው። የልብ ሕመም በሾፌሮቹ ላይ በዝቶ ተገኘ፤ በትኬት ቆራጮቹ ላይ አነስተኛ ነበር፣ ሲመጣም በዕድሜ ዘግይቶና ቀለል ብሎ ነበር። ሞሪስ ራሱ ከእንቅስቃሴ ሳይርቅ ኖሮ በ99 ዓመቱ ነው ያረፈው። ከመገናኛ ቦሌ የሚመላለሰውን ሚኒባስ አስብና ሾፌሩንና ረዳቱን ተመልከት። አንተ እናትህን የሾፌሩ ወንበር ላይ ነው ያስቀመጥካት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። አንተን የሚይዝህ ሰነፍ መሆንህ ወይም አለማወቅህ አይደለም፤ ሰው ምን ይለኛል ነው። እናትህ የሽንኩርት ፌስታል አንጠልጥላ ከጉሊት ስትመለስ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ቢያያት «ይህን ያህል ደመወዝ እየበላ እናቱን ይልካል» የምትባል ይመስልሃል። እድርተኛው ይሰማል፣ ሀገር ቤት ያሉት አጎቶችህ ይሰማሉ። ለታላቅ ከመቀመጫ መነሳት፣ እጅ ማስታጠብ፣ ሸክም መቀበል ያደግኩበት ነገር ነው፤ እንዲቀርም አልፈልግም። ግን ያ ወግ የመጣበትን ኑሮ ልብ በል። አያትህ ወንበር የሚለቀቅላቸው ቀኑን ሲያርሱ ወይም ሲያግዱ ውለው ሲገቡ፣ ወይም ለሽምግልና ሲቀመጡ ነበር። መቀመጥ የቀኑ ማብቂያ ነበር። እኛ ከተማ ስንገባ ወንበሩን ይዘን ሥራውን ጥለን መጣን። ጎረቤት ከጠየቀህ «ሐኪም እንድትንቀሳቀስ አዟታል» በል። የፈለግከውን ሐኪም ብትጠይቅ ይህንኑ ያዛል፤ ስለዚህ ውሸት አይሆንብህም።

በእኛ ብሎክ ያሉ አንዲት እናት ነበሩ፤ ልጃቸው ባንክ ትሠራለች። እሷ ጠዋት ወጥታ ማታ ስትገባ እሳቸው ቴሌቪዥን ፊት ይውላሉ። ለፋሲካ ሠራተኛዋ ሀገሯ ገባችና አልተመለሰችም፤ ሌላ ሰው ቶሎ አልተገኘም። ያኔ እናትየው ተነሱ። ቡናውን ራሳቸው መውቀጥ ጀመሩ፤ ለመቁላት በርጩማ ላይ ዝቅ ይላሉ። ሽንኩርት ለመግዛት እግቢው በር ላይ ያለችው ባለ ጉሊት ዘንድ ይወርዳሉ፤ አንድ ኪሎ በአንዴ መግዛት ሲችሉ ግማሽ ግማሽ እየገዙ ሁለቴ ይወርዳሉ፤ ምክንያቱም ከባለ ጉሊቷ ጋር ጨዋታ ይዘዋል። መጀመሪያ ሰሞን በየፎቁ ቆመው ትንፋሽ ይሰበስቡ ነበር። ክረምቱ ሲገባ አንድ ጊዜ ብቻ ማረፍ በቃቸው። ልጅቷ ሠራተኛ አግኝታ ስትመጣ «ቡናውና ጉሊቱ የኔ ነው፤ ሌላውን ትያዝ» አሏት። ልጅቷ መጥታ ስትነግረኝ በቅሬታ ነበር፤ እኔ ግን እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ ስማኝ። ሥራ ስጣት አልኩህ እንጂ ሠራተኛ አድርጋት አላልኩህም። የልጅ ልጅ ሙሉ ቀን ጥለውባቸው የሚሄዱ አሉ። የሁለት ዓመት ሕፃን እያነሱና እያወረዱ፣ አንድ ቤት ውስጥ ተዘግተው የሚውሉ አያቶች ወገባቸው ይጎዳል፣ ከሰውም ይለያሉ፤ የሚወዱትን ልጅ እየጠበቁ ስለሆነ ማንም ድካማቸውን አይቆጥርላቸውም። ሥራ መስጠትና ሠራተኛ ማድረግ ይለያያሉ። እናትህ የመረጠችው፣ ስትፈልግ የምታቆመው፣ ከቤት የሚያስወጣት ሥራ ይሁን። ምን መሥራት እንደምትወድ ጠይቃት። አንዷ ስፌት ትላለች፣ አንዷ ጓሮ፣ አንዷ በረንዳ ላይ ጤና አዳምና በሶብላ ትተክላለች። ውሃውን በትንሽ ጆግ እየቀዳች ታጠጣው፤ ትልቅ ባልዲ አትሸከም፣ ከትንሽ ጆግ ጋር መመላለሱ ነው የሚጠቅማት።

ደረጃውን በተመለከተ ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም በምሥራቅ አዲስ አበባ የብዙ አረጋውያን እስር ቤት ሆኗል። የቦሌ ገርጂ ኮንዶሚኒየም በ1990ዎቹ አጋማሽ ለሙከራ ከተሠራ ወዲህ በሰሚትና በአያት፣ በየካ አባዶም የተገነቡት አብዛኞቹ ብሎኮች ሊፍት የላቸውም። ዕጣ የወጣለት ሰው የወጣበትን ፎቅ ነው የሚወስደው፤ እናቱ ስንት ዓመቷ እንደሆነ ዕጣው አያውቅም። ምድር ቤት ካለው ጎረቤትህ ጋር በኪራይ መለዋወጥ ከቻልክ ጥሩ። ካልቻልክ ደረጃውን አስተምራት። አንዱ ጉልበቷ የሚያማት ከሆነ ስትወጣ ጤነኛው እግር ይቅደም፣ ስትወርድ የሚያመው እግር ይቅደም። እጇ ሁልጊዜ ብረቱን ይያዝ። ስትወርድ አንተ ከፊቷ፣ አንድ ደረጃ ዝቅ ብለህ ሁን፤ ስትወጣ ከኋላዋ ሁን። ክንዷን አትጎትት፤ ሚዛኗን የምታስተው አንተው ትሆናለህ። የብሎኩ ኮሚቴ ደረጃ የሚታጠብበትን ሰዓት እንዲያሳውቅ፣ የተቃጠለ አምፖል እንዲቀየር፣ የተነቀለ መደገፊያ ብረት እንዲበየድ በስብሰባ ላይ አንተ ተነስተህ ተናገር። ወጣት ሲናገረው ይሰማል፤ እኛ ስንናገር እርጅና ነው ይባላል።

ወደ መንገዱ እንውጣ። ከቦሌ ወደ መገናኛ የሚወስደው ጎዳና በኮሪደር ልማቱ ከታደሰ ወዲህ የእግረኛው መንገድ ሰፊና ደልዳላ ሆኗል፤ ለደካማ እግር ከዚህ የተሻለ መለማመጃ በአካባቢያችን የለም። ችግሩ እዚያ እስክትደርስ ያለው ነው። ኮብልስቶኑ የተነሳበት የውስጥ መንገድ አለ፣ ክዳን የሌለው ቦይ አለ፣ እግረኛው ላይ የቆመ መኪና አለ። ከአያት እስከ መገናኛ ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር መንገዱን ለሁለት ስለከፈለው፣ በፊት ቀጥ ብለው ይሻገሩ የነበሩ ሽማግሌዎች መሻገሪያ ፍለጋ ዞረው መሄድ ግድ ሆኖባቸዋል፤ አንዳንዱ ከዚያ ማዶ ያለ ዘመዱን መጠየቅ ትቷል። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ቀን አብረሃት ሂድና መንገዱን በእሷ ዓይን እይ። የት ትደናቀፋለች? የት አረፍ ትላለች? መጸዳጃ ቤት የት አለ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ለአንተ ምንም አይመስልህ ይሆናል፤ ብዙ እናቶች ከቤት የማይወጡት ግን በእሱ ምክንያት ነው፣ አፍረው አይነግሩህም።

ስንት ትሂድ ትለኝ ይሆናል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው፣ አረጋዊም ጭምር፣ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። መካከለኛ ማለት እየሄደች ማውራት የምትችልበት፣ መዝሙር መዘመር ግን የሚያቅታት ፍጥነት ነው። በስልክህ ላይ የምታየው 10 ሺህ እርምጃ እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ለእርምጃ ቆጣሪ ሽያጭ የወጣ ቁጥር ነው፤ ከሐኪም የመጣ አይደለም። ከ60 ዓመት በላይ ላሉ ሰዎች በቀን ከ6,000 እስከ 8,000 እርምጃ ከደረሱ ጥቅሙ አብዛኛውን እንደሚያገኙ በቅርብ ዓመታት የተጠናቀሩ ጥናቶች አሳይተዋል። እሱንም ቢሆን በአንዴ አትጠይቃት። አምስት ደቂቃ ሄዳ አምስት ደቂቃ ትመለስ። ስኳር ካለባት ከምሳና ከእራት በኋላ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ መራመዱ በደሟ ያለውን ስኳር ዝቅ ያደርግላታል። ሰዓቱን ረፈድ አድርገው፤ በጣም በማለዳ የሚፈቱ ውሾች አሉ፣ ብርዱም ለደረት አይሆንም፣ ጀምበር ስትወጣ ደግሞ ለአጥንቷም ይጠቅማታል።

መራመድ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ይህን ሐኪሞችም አንዳንዴ ዘንግተው «በእግርሽ ሂጂ» ብለው ያሰናብታሉ። ያው መመሪያ አረጋውያን በሳምንት ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ሚዛንና ጉልበት የሚያሠራ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ያዛል፤ የሚጥላቸው ሚዛን ማጣት፣ የሚያስቀራቸውም የጭን ድክመት ስለሆነ። ጂም አያስፈልጋትም። የምግብ ጠረጴዛው ወንበር ይበቃታል፤ ግድግዳ አስደግፈው እንዳይንሸራተት። ወንበሩ ጠርዝ ላይ ትቀመጥ፣ እግሯን ወደ ኋላ ሰብሰብ ታድርግ፣ እጆቿን ደረቷ ላይ ታጣምር፣ ደረቷን ወደ ፊት ዘንበል አድርጋ አፍንጫዋ ከእግሯ ጣቶች በላይ ሲደርስ ትነሳ። ስትቀመጥ ዱብ እንዳትል፤ ቀስ ብላ፣ ወንበሩን እየፈለገች ትውረድ። ጡንቻው የሚሠራው በዚያ ቀስታ ውስጥ ነው። ያለ እጅ ካቃታት ወንበሩ ላይ ትራስ ጨምርና ከፍ አድርገው፤ ሲቀላት ትራሱን ታነሳዋለች። ዕቃ ማጠቢያው ጋ ቆማ ሲንኩን በሁለት እጇ ይዛ ተረከዟን ታንሳና ትመልስ፤ ከዚያ አንድ እግሯን አንስታ እስክትደክም ትቁም። ሲለምድላት በአንድ እጅ፣ ቀጥሎ በጣት ጫፍ ትያዝ።

ይህ ሁሉ ለእናትህ እንግዳ አይደለም። በሁዳዴ ስግደት ስትሰግድ፣ በስቅለት ቀን በደብሯ ግቢ ውስጥ ከሕዝቡ ጋር ወድቃ ስትነሳ የኖረችው ይህንኑ ነው። የሙስሊም ጎረቤትህ እናት በቀን በአምስቱ ሶላት ግዴታ የሆኑትን 17 ረከዓ ስትሰግድ 34 ጊዜ ግንባሯን መሬት ታስነካለች። ከመሬት መነሳት የሚችል አረጋዊ ቢወድቅ እንኳ ራሱን ያነሳል። ታዲያ «አሁንስ ጉልበትሽ አይችልም፣ ተቀምጠሽ ጸልዪ» ብለህ አትቅደማት። ካቃታት ራሷ ትነግርሃለች፤ ካህኑም ሆነ ኢማሙ ለደካማ የሚሉት አላቸው። እስከዚያው ግን የምትደገፈው ጠንካራ ወንበር አጠገቧ አኑርላት።

መጠንቀቅ ያለብህንም ልንገርህ። ስትራመድ ደረቷን ጨምድዶ ከያዛት፣ ትንፋሽ ካጠራት፣ ዓይኗ ከጨለመ ታቁምና ሐኪም ይያት። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከአልጋ ሲነሳ ጠርዙ ላይ ጥቂት ተቀምጦ ነው መቆም ያለበት። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የምትወስድ ከሆነ ፆም ላይ ሆና ሩቅ አትሂድ፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥና ግራ መጋባት ሲጀምራት የምትቀምሰው ስኳር ወይም ከረሜላ ከኪሷ አይጥፋ። ጉልበቷን ስለሚያማት መሄድ እንደሌለባት ከነገሩህ አትቀበል፤ በዕድሜ የሚመጣ የጉልበት ሕመም በተመጠነ እንቅስቃሴ ይሻለዋል፣ በመቀመጥ ይብሰዋል። ያበጠና የጋለ ጉልበት ግን ሌላ ነው፤ እሱ ይታይ።

ስለ እናትህ ይህን ያህል ካልኩ አባትህንም መርሳት የለብኝም፤ በእኔ ግምት የወንዶቹ ይብሳል። ሴቲቱ ብትከለከልም ማድ ቤት ገባ ትላለች። መንግሥት ቤት ሲሠራ የኖረ ወንድ በ60 ዓመቱ ጡረታ ሲወጣ ጠዋት የሚያስነሳው ነገር የለም። የቀረችውንም ምክንያት እናንተ በቅን ልቦና ወሰዳችሁበት። ድሮ የመብራትና የውሃ ሂሳብ ለመክፈል ይወጣ ነበር፤ ወረፋ ይቆማል፣ ሰው ያገኛል፣ ጋዜጣ ገዝቶ ይመለሳል። አሁን አንተ ቢሮህ ሆነህ በቴሌብር ትከፍለዋለህ። ጡረታውም በባንክ ይገባል። ቴሌብሩን አልጠላም፤ ግን በወሰድከው ምክንያት ፋንታ ሌላ ምክንያት ስጠው። ዳቦውን እሱ ይግዛ። የእድሩን መዋጮ እሱ ያድርስ። የልጅ ልጁን ትምህርት ቤት እሱ ያድርስ፣ እሱ ይመልስ።

በሩጫ ዓለም ያወቀን ሕዝብ ሆነን እንቅስቃሴን ለወጣት ብቻ መተዋችን ያሳዝነኛል። ታላቁ ሩጫ በ1994 ዓ.ም. ሲጀመር፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በወር አንድ እሑድ መንገዶች ለእግረኛ የሚለቀቁበት «መንገድ ለሰው» ሲመጣ፣ እኩዮቼ በብዛት ከየበሩ ቆመው ሲያዩ ነበር። ማሞ ወልዴ ግን በሜክሲኮ ማራቶንን ሲያሸንፍ 36 ዓመቱ ነበር፤ በሙኒክ ሦስተኛ ሲወጣ 40። አበበ ቢቂላን ሁላችንም በሮምና በቶኪዮ እናነሳዋለን፤ እኔ ለሕመምተኞቼ የምነግራቸው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ከሆኑ በኋላ፣ በ1962 ዓ.ም. ክረምት እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ተወዳደረ፤ በቀጣዩ ዓመት ኖርዌይ ሄዶ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሳተፈ፣ በበረዶ ላይ በሸርተቴ ውድድር ደግሞ አሸነፈ። የዓለም ምርጥ እግሮች የነበሩት ሰው በቀረው ክንዱ ተንቀሳቀሰ። «እግሬ እምቢ ካለኝ በቃኝ» ለሚል አባት ይህን ንገረው። ተቀምጦም ቢሆን እጁን ያንሳ፣ በሁለት ሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ሞልቶ ክንዱን ያሠራ።

ደግሞ ሐዘን አለ። ባሏ የሞተባት ሴት ፍራሽ ላይ ትቀመጣለች፣ ለቀስተኛው ይመጣል፣ ምግቡ ይቀርብላታል። ወጋችን ነው፤ ሰውን ብቻውን የማይተው ጥሩ ወግ። ግን ከአርባው በኋላም ሳትነሳ የምትቀር አለች። ልጆቿ «ትረፍ፣ አዝናለች» ይላሉ፤ ወሩ ወር እየወለደ እግሯ ይተዋታል፣ ሐዘኑም አይቀልላት። በዚያ ጊዜ እህትህም ሆነች አንተ በየቀኑ አንድ ጊዜ ክንዷን ይዛችሁ ከግቢ አውጧት። መቃብር ልሂድ ካለችም አብራችሁ ሂዱ፤ ከታክሲው ትንሽ ቀደም ብላችሁ ወርዳችሁ በእግር ግቡ።

ስለ ራስህ ብዙ አልልም። ከሲኤምሲ ቦሌ መኪና ውስጥ ተቀምጠህ፣ ቢሮ ተቀምጠህ፣ ማታ ሶፋ ላይ ተቀምጠህ በ35 ዓመትህ ጡንቻህ መቀነስ ጀምሯል። የእናትህን የእሑድ መንገድ አብረሃት ብትሄድ ለሁለታችሁም ይቆጠራል።

የመጨረሻው ነገር፦ እናትህ ታማ ሆስፒታል ከገባች በአልጋ የምትቆይበትን እያንዳንዱን ቀን እንደ ዕዳ ቁጠረው። ያስተኛት ሕመም ሲድን መተኛቱ እግሯ ላይ የሚተወው ጉዳት አለና። ሐኪሙን ወይም ነርሷን በመጀመሪያው ቀን ጠይቅ፦ «መቼ መቀመጥ ትችላለች? መቼ መቆም ትችላለች? ማን ይዞ ያንቀሳቅሳት?» ካልተከለከለች ምግቧን አልጋው ጠርዝ ወይም ወንበር ላይ ተቀምጣ ትብላ፤ መጸዳጃ ቤት ተይዛም ቢሆን በእግሯ ትሂድ፤ በኮሪደሩ በቀን ጥቂት ጊዜ ትመላለስ። የሚያያት ሁሉ «ተኚ፣ አትነሺ» ይላታል፣ አንተ እንዳትላት። ለጥየቃ ስትሄድ ከብርቱካኑ ጋር ጫማዋን ይዘህ ሂድ፤ የሚያንሸራትተውን ነጠላ ጫማ ሳይሆን ተረከዟን የሚሸፍነውን፣ ሶሉ የማያዳልጠውን።